የአሮጌ ውሃ ወፍጮ መዘውር በደቦ እንዴት ይሠራል?

አናጺ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው። ቋሚ እንጀራዬ በርና መስኮት ነው። ከአንኮበር ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ባለው ገደላገደል ውስጥ፣ ወንዝ ዳር የቆመች አንዲት አሮጌ የውሃ ወፍጮ አለች። የእንጨት መዘውሯ በስብሶ ዓመታት ቆማ ነበር። የአካባቢው ሰው ደቦ ጠርቶ አዲስ መዘውር ሠራላት፤ የአናጺነቱን ሥራ የመራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ «እኛም ዘንድ እንዲህ ያለች ወፍጮ አለች፣ እንዴት አድርጋችሁ ነው?» እያለ የሚደውል በዛ። ስልክ ላይ ከመለፍለፍ ቁጭ ብሎ መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ውሃ ውስጥ የሚኖር እንጨት መበስበሱ አይቀርም። ማንም ይሥራው ማን፣ አንድ ቀን ይበሰብሳል። ስለዚህ ዘላለም የሚኖር መዘውር ለመሥራት አትድከሙ። ይልቅ አንዷ ሳንቃ ስትበላሽ ሌላው ሳይፈርስ የምትወጣበትን መዘውር ሥሩ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

የድሮው መዘውር የተጠገነው በተቃራኒው ነበር። አንድ ሰው ረጃጅም ሚስማር እንደ ጉድ መትቶበታል። አንዷን ሳንቃ ለማውጣት ሦስቱን መስበር ግድ ሆነ። የሚያፈሰውን ቦታ ደግሞ በላሜራ ለብጦታል፤ ከእጅ አይሻል ዶማ። ላሜራው ሥር ውሃ አቁሮ እንጨቱን ጨረሰው።

ለጨዋታ ያህል፣ የውሃ ወፍጮ ለሸዋ አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ አገር ባለሙያ የውሃ ወፍጮ ሠርቶ እንደነበረ፣ ካህናቱ ግን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንዳስቆሙት የዚያን ጊዜ ተጓዦች ጽፈዋል። ለእኛ መዘውር ጥዱን የሰጠን ቤተ ክርስቲያን ነው። ጊዜ ደግ ነው።

ሳታፈርሱ ለኩ

ሰው ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚያምረው ማፍረስ ነው። ወጣቱ መዶሻ ይዞ ይመጣል። አቁሙት። አሮጌው መዘውር የቱንም ያህል ቢበሰብስ ፕላናችሁ እሱ ነው። በስልክ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። ከመሀል ወደ ጠርዝ የተዘረጉትን ክንዶች፣ በግራና በቀኝ ያሉትን የጎን ክቦች፣ ውሃ የሚይዙትን ኪሶች በቀለም ቁጥር ጻፉባቸው። ከዚያ በኋላ ነው የሚነቀለው።

የእኛዋ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 3 ሜትር፣ ስፋቷ 60 ሳንቲም ነው። በእያንዳንዱ ጎን 8 ክንድ አላት። ኪሶቿ 32 ናቸው። የጎን ክቦቿ ጥልቀት፣ ከውጭው ጠርዝ እስከ ውስጠኛው፣ 22 ሳንቲም ነው። ከዚህ በታች የምሰጣችሁ ቁጥር ሁሉ ለዚህች መዘውር ነው፤ የእናንተ ሌላ ከሆነ አካሄዱን እንጂ ቁጥሩን አትውሰዱ።

ስትለኩ አንድ ቦታ ብቻ አትለኩ። የበሰበሰ እንጨት ይሟሽሻል፣ የደረቀ ይኮማተራል። አምስት ስድስት ኪስ ለክታችሁ ትልቁን ያዙ። ጭቃ ውስጥ የተቀበረችዋን ሳንቃ ፈልጉ፤ አየር ስላላገኘች ብዙ ጊዜ ከሁሉ ደህና የምትገኘው እሷ ናት።

መዘውሩ የተሰካበትን ዘንግም እዩት። የእኛ ብረት ነበር፣ ደህና ነበር። ሁለት የብረት ሳህን ተበይዶበታል፤ ክንዶቹ እሱ ላይ ይታሰራሉ። ዘንጉ ተቀምጦ የሚዞርበት ኩሽኔታ ግን አልቆ ስለነበር ቀየርነው። ዘንጉ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ። ዘንጉ ካዘነበለ ምንም ያህል ጥሩ መዘውር ብትሠሩ አንድ ጎኑን እየበላ ይኖራል።

ከመዘውሩ ሥር ያለውን ጉድጓድም አጽዱ። የታችኛው ጠርዝና የሚወጣው ውሃ መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ይኑር። መዘውሩ የሸሸውን ውሃ መልሶ የሚቀዝፍ ከሆነ ጉልበቱን እዚያ ይጨርሳል።

ውሃችሁ ስንት ነው?

ይህን ሳያውቁ እንጨት መቁረጥ ዘበት ነው። ውሃውን ወደ መዘውሩ አናት የምታመጣው የእንጨት አሸንዳ ላይ 4 ሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ። ደረቅ ቅጠል ጣሉና ሰዓት ያዙ። የእኛ ቅጠል 4 ሜትሩን በ4 ሰከንድ ሄደች፤ በሰከንድ 1 ሜትር ማለት ነው። ላይ ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን ከዚያ ላይ 85 በመቶውን ውሰዱ። አሸንዳው 50 ሳንቲም ስፋት፣ ውሃው 12 ሳንቲም ጥልቀት ነበረው። ሲባዛ በሰከንድ 51 ሊትር ገደማ ይመጣል።

51 ሊትር ከ3 ሜትር ሲወርድ 1500 ዋት የሚሆን ጉልበት አለው። ሁሉንም ግን አታገኙትም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ስሚተን እ.ኤ.አ. በ1759 የውሃና የነፋስ ወፍጮዎችን በትንንሽ ሞዴል ፈትኖ ውጤቱን አሳውቋል። ውሃ ከሥር የሚገፋው መዘውር ከውሃው ጉልበት ሲሶውን እንኳ አይሰጥም። ከአናቱ የሚፈስበት ግን ከግማሽ በላይ፣ ሁለት ሦስተኛውን የሚጠጋ ይሰጣል። እኛ 60 በመቶ ብለን አሰብን፤ 900 ዋት፣ ከአንድ የፈረስ ጉልበት ትንሽ ይበልጣል። ለአንድ ጥንድ የወፍጮ ድንጋይ ይበቃል፤ ለችኩል ሰው አይበቃም። የናፍጣ ወፍጮ ፍጥነት የለመደ ሰው ካለ ቀድማችሁ ንገሩት።

የእንጨቱ ነገር

እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለ። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፣ በየጓሮው አለ። ለመወጣጫ፣ ለድጋፍ፣ ለጊዜያዊ ሥራ ተጠቀሙበት። ለመዘውሩ ግን አልመክርም። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ዝግባ ለመላጊያ የሚመች ገር እንጨት ነው፤ ቤት ውስጥ እወደዋለሁ፣ ውሃ ላይ ግን አላምነውም። ወይራ ድንጋይ ነው። ለሽብልቅና ለችካል ከእሱ የሚሻል የለም፤ ከወይራ ሰፊ ሳንቃ ማግኘት ግን የማይታሰብ ነው።

የቀረው ጥድ ነው። ጥድ ምስጥም ብስባሽም ይፈራዋል። ግን ልብ በሉ፣ ይህን ጠባይ ያለው ቀዩ ልቡ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ ክፍል እንደማንኛውም እንጨት ነው። ሳንቃውን ስትመርጡ ነጩ ጠርዝ ያለበትን ለይታችሁ ለመወጣጫ አድርጉት። አንዲት ጣት የምታህል ነጭ ጠርዝ «ምን ትላለች» ተብላ ትታለፋለች። መበስበስ የሚጀምረው ግን ከእሷ ነው።

የአገር ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። የወፍ ዋሻ ጫካ ቅርብ ነው ብላችሁ ወደዚያ አትመልከቱ፤ ጥብቅ ደን ነው። እኛ ያገኘነው ነፋስ የጣለው የቤተ ክርስቲያን ጥድ ነው። ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ ሰጠን፣ ከወረዳው የማጓጓዣ ወረቀት ወጣለት፣ ከዚያ በማሽን አሰነጠቅነው። ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ። ኬላ ላይ ጥድ የጫነ መኪና ያለ ወረቀት ቆሞ ሲለምን ማየት ደስ አይልም።

ማድረቂያው ጥላ ይሁን። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩ፤ ጫፍ ጫፉን ቀለም ቀቡት። አናጺዎች በጥቅሉ 2.5 ሳንቲም ውፍረት ላለው ሳንቃ አንድ ዓመት ይላሉ። ለበር ሥራ እውነት ነው። ለመዘውር ግን አጥንቱ እስኪቀር ማድረቅ አያስፈልግም፤ መልሶ ውሃ ሊገባ ነው። እንጨት ሲረጥብ በስፋቱ ያብጣል፣ በርዝመቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

የጥድ ብናኝ ጉሮሮ ይይዛል። ጭንብል ከሌለ ነጠላ አፍንጫ ላይ ማሰር ነው።

አውድማ ላይ መሳል

ወረቀት ላይ ያለ ፕላን ለደቦ ሥራ አይሆንም። ሁሉም ሰው ሊያየው፣ ቁራጩን ሊያስቀምጥበት የሚችል ስዕል ያስፈልጋል፤ በልኩ፣ በሙሉ መጠኑ። ለዚህ ከአውድማ የሚበልጥ ቦታ አላገኘሁም። ከጥር በኋላ ባዶ ነው። በእበት ከተለቀለቀ ደልዳላና ጠቆር ያለ ስለሚሆን የኖራ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መሀሉ ላይ የወይራ ችካል ትከሉ። በችካሉ ላይ ሽቦ እሰሩ። ገመድ አይሆንም፤ የጓሳ ገመድ ይሁን ናይለን፣ ገመድ ይለጠጣል። በ150 ሳንቲም አንድ ክብ፣ በ128 ሳንቲም ሌላ ክብ አዙሩ። መሀል ለመሀል ቀጥ ያለ መስመር፣ ከዚያ በስኳድራ የሚያቋርጠውን፣ ከዚያ እያንዳንዱን ለሁለት ለሁለት መክፈል። አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግም።

ማረጋገጫው ይኸው፦ በውጭው ክብ ላይ ከአሥራ ስድስቱ ነጥቦች አንዱን ከሚቀጥለው ጋር በቀጥታ ስትለኩ 58.5 ሳንቲም መምጣት አለበት። ከሠላሳ ሁለቱ ደግሞ 29.4። ሁሉንም ዙሩ። አንዱ ቦታ 58፣ ሌላው 59 ከመጣ ችካሉ ተነቃንቋል፤ እንደገና ሳሉት።

ደቦው የሚበላሸው በሜትር ነው። አምስት ሰው አምስት ሜትር ይዞ ይመጣል። የአንዱ ጫፉ ተጣሟል፣ የሌላው መጀመሪያው ሳንቲም ተቆርጧል። በሥራው ቦታ አንድ ሜትር ብቻ ይኑር፣ እሱንም አንድ ሰው ይያዘው። ሌላው ሰው በሜትር ሳይሆን በፎርማ ይሥራ።

የጎን ክቦቹ

ፎርማ ማለት አንዷ ቁራጭ በልኳ የተቆረጠችበት ኮምፔንሳቶ (ከስስ እንጨት የተነባበረ ጣውላ) ነው። አውድማው ላይ ካለው ስዕል የአሥራ ስድስተኛዋን ቁራጭ ገልብጣችሁ ቁረጡ። ሁለቱ ጫፎቿ ከመሀል ችካሉ የሚወጣውን መስመር ይከተሉ። 25 ሳንቲም ስፋት ካለው ሳንቃ ልክ ትወጣለች። የእንጨቱ ጭረት በቁራጩ ርዝመት ይሂድ። በስፋቱ ከሄደ በእጅ ይሰበራል።

እያንዳንዱ ክብ በሁለት ድርብ ይሠራል። አንዱ ድርብ 2.5 ሳንቲም ውፍረት አለው፣ ሁለቱ 5 ይሆናሉ። በአንድ ድርብ 16 ቁራጭ፣ በአንድ ክብ 32፣ ለሁለቱ ጎን 64 ቁራጭ ማለት ነው። ለበጎ ፈቃደኛ እንዲህ ያለ ሥራ ወርቅ ነው። አንድ ዓይነት ቁራጭ ደጋግሞ መቁረጥ ማንም ይለምደዋል። ቅስቱን ለማውጣት በየአራት ሳንቲሙ በመጋዝ እስከ መስመሩ ቁረጡ፣ መሀሉን በመሮ አንሱ፣ በመላጊያ አስተካክሉ።

የመጀመሪያውን ድርብ በስዕሉ ላይ ደርድሩና ድንጋይ ጫኑበት። ሁለተኛውን ድርብ ግማሽ ቁራጭ አዛውራችሁ አስቀምጡ። የታችኛው መጋጠሚያ በላይኛው መሀል ይሸፈናል። በእያንዳንዱ ቁራጭ 4 ቡሎን ይለፍ፤ ባለ 10 ሚሊ ይበቃል። ቀዳዳውን በ11 ሚሊ ቅደዱ፤ ጥድ ሲጠብበው ይሰነጠቃል። ቡሎኑን ከሚያጠብቀው ዳዶ ሥር ሰፊ ሮንዴላ (መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ዝርግ ብረት) ግድ ነው፤ አለበለዚያ ዳዶው እንጨቱን እየበላ ይገባል።

ኮላ አትጠቀሙ። አንድ ሁለት ሰው «ኮላ ብንጨምርበት ይጠነክራል» ማለቱ አይቀርም። ይጠነክራል። ሲበሰብስ ግን አይፈታም።

ኪሶቹና ሚዛኑ

ኪስ የሚሠራው ከሁለት ሳንቃ ነው። አንዷ አጭር ናት፣ 11 ሳንቲም፤ ከክቡ ውስጠኛ ጠርዝ ተነስታ ቀጥ ብላ ወደ ውጭ ትወጣለች። ሁለተኛዋ 25 ሳንቲም ናት፤ ከአጭሯ ጫፍ ተነስታ እስከ ውጭው ጠርዝ ታዘነብላለች። የምታዘነብለው መዘውሩ ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንዷን ኪስ አውድማው ስዕል ላይ አስቀምጡና በወራጁ ጎን፣ መዘውሩ ወደ ታች በሚሄድበት በኩል፣ እዩዋት። አፏ ወደ ላይ ካየ ልክ ናችሁ። ወደ ታች ካየ ውሃ ሳይሆን አየር ነው የምትሸከሙት።

ከኪሶቹ ጀርባ፣ በክቡ ውስጠኛ ጠርዝ ዙሪያ፣ ወለል የሚሆኑ ሳንቃዎች አሉ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ትመጣለች። እነዚህን አጥብቃችሁ አታጋጥሙ። በሳንቃና ሳንቃ መካከል 2 ወይም 3 ሚሊ ክፍተት ይቅር። ሲረጥቡ ያብጡና ራሳቸው ይገጥማሉ። በደረቁ ግጥም ካደረጋችኋቸው፣ ሲያብጡ መሄጃ ያጡና ቡሎኑን ይገፋሉ፣ ክቡን ያጣምማሉ።

በድሮው መዘውር ሳንቃዎቹ የሚገቡት በክቡ ላይ በተፈለፈለ ጎድጎድ ውስጥ ነበር። ቆንጆ ሥራ ነው። ግን አንዷን ሳንቃ ለመቀየር ሙሉውን ክብ መለያየት ይጠይቃል። እኔ በጎድጎዱ ፋንታ ሊስቴሎ (ቀጭን እንጨት) በክቡ ላይ አስሬ፣ ሳንቃውን በሊስቴሎው ላይ በቡሎን ማሰር ፈለግሁ። ባለወፍጮው አባባ አልወደዱትም። «ልጄ፣ እንደ ነበረው ይሁን፤ የአባቶቻችን እጅ ነው» አሉኝ። ቃላቸው ክብደት አለው፤ ለአሮጌ ነገር ሁሉ መነሻው ይኸው ነው። በመጨረሻ ተስማማን። ልኩ፣ ቁጥሩ፣ ቅርጹ፣ የእንጨቱ ዓይነት እንደ ነበረው ይቀራል። የሚቀየረው ማሰሪያው ብቻ ነው። ጎድጎድ ያለባትን አንዲት የድሮ ቁራጭ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሰቀልናት፤ የሚፈልግ አይቶ መመለስ ይችላል። እናንተም ከነባሩ የቀየራችሁትን ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ተዉ።

አሁን ወደ ሚዛን። መዘውርን የሚገድለው አለመመጣጠን ነው። አንድ ጎኑ ከከበደ በየዙሩ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ኩሽኔታውን ይመታል፣ ድንጋዩም አንዴ እየፈጠነ አንዴ እየዘገየ ዱቄቱን ያበላሻል። ለነፋስ ወፍጮ የእንጨት ክንፍ ሲሠራም ጭንቀቱ ያው ነው። ትይዩ የሆኑት ሁለት ክንፎች ክብደታቸው እኩል መሆን አለበት።

እኛ የእህል ሚዛን ከገበያ ተዋስን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደብተርና ከሰል ይዛ ተቀመጠች። እያንዳንዷ ሳንቃ ትመዘናለች፣ ክብደቷ በከሰል ይጻፍባታል፣ ደብተር ላይ ይሰፍራል። መልካቸው አንድ፣ ልካቸው አንድ። 60 በ25፣ ውፍረት 2.5። አንዷ 2 ኪሎ፣ ሌላዋ 2 ኪሎ ከ700። የከበደችው ከግንዱ ሥር የወጣች፣ እርጥበት ያልጨረሰች ናት። ልጅቱ ከባዱን ከከባድ፣ ቀላሉን ከቀላል እያጣመረች አንዷን 1 ቁጥር ኪስ ላይ፣ ጓደኛዋን 17 ቁጥር ላይ ጻፈች። 2 ከ18፣ 3 ከ19። አንድ ጎልማሳ የጨበጠውን ሳንቃ ባገኘው ቦታ ሊያስር ሲል «ጋሼ፣ ይቺ የ22 ናት» ብላ ቀማችው። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቃት አላሰረም። እንዲህ ያለ ሰው ከአናጺ ይልቅ ያስፈልጋችኋል።

ስለ ደቦው

ሰው ሲበዛ ሥራ አይፈጥንም። ከ12 ሰው በላይ በአንድ ቀን አትጥሩ፤ የቀረው ለነገ ይሁን። መቁረጥ፣ መላግ፣ መቅደድ፣ መመዘን፣ ማሰር ብላችሁ ክፈሏቸው፤ አንድ ሰው በያዘው ይቆይ። ጠላ ከሥራ በኋላ ነው። ይህን ያልኩ ቀን ተኮርፌያለሁ፣ ግን መጋዝና ጠላ አብረው አይሄዱም። ለቀኑ ቆሎና ቡና ይበቃል። ውርጭ ያለበት ጠዋት ደግሞ ጣት ስለሚደነዝዝ ፀሐይ ሞቅ ሳትል መሮ አታስይዙ።

እንጨቱን መቀባት ከፈለጋችሁ የፈላ የተልባ ዘይት ጥሩ ነው። የግድ ግን አይደለም። ከተጠቀማችሁ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ። በራሱ ሞቆ እሳት ይነሳል፤ ተረት አይደለም። ዘርግታችሁ አድርቁ ወይም ውሃ ውስጥ ክተቱ።

መስቀል

በጣም የምፈራው ይህን ክፍል ነው። ይህ መዘውር ሲረጥብ ከ4 ኩንታል ያልፋል። ውሃውን ከላይ፣ ከቦዩ ራስ ዝጉት፤ አሸንዳውንም አውርዱት። አንዱ ብቻ አይበቃም፤ ላይ ያለ ሕፃን የቦዩን ጭቃ ሊከፍተው ይችላል። ዘንጉን ግራና ቀኝ በሽብልቅ ያዙት። ማንም ሰው፣ ለአንድ ደቂቃ እንኳ፣ ሽብልቅ ሳይገባ በክንዶቹ መካከል አይግባ።

መጀመሪያ ክንዶቹ ዘንጉ ላይ ይታሰራሉ። እያንዳንዱ ሲታሰር ትይዩው ይከተላል፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የለም። ከዚያ የጎን ክቦቹ በግማሽ በግማሽ ይወጣሉ። አውድማው ላይ የተሠራውን ክብ በሁለት ቦታ ፈትታችሁ ማምጣት ነው። ክቦቹ ከቆሙ በኋላ አንድ እንጨት ከግድግዳው ወደ ክቡ ጠርዝ አስጠግታችሁ ትከሉና መዘውሩን በእጅ አዙሩ። በእንጨቱና በክቡ መካከል ያለው ክፍተት ዙሩን ሙሉ አንድ መሆን አለበት። ከግማሽ ሳንቲም በላይ ከወዛወዘ ክንዱ ሥር ስስ ሽብልቅ እያስገባችሁ አስተካክሉ።

ከዚያ ወለሉ፣ ከዚያ ኪሶቹ። እነሱም ሁለት ሁለት፣ ትይዩ ለትይዩ። ሁሉም ሲያልቅ ሽብልቁን አንሱና መዘውሩን በነፃ ልቀቁት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ወደ ታች እየሄደ የሚቆም ከሆነ ያ ቦታ ከብዷል። በተቃራኒው ክንድ ላይ ቁራጭ ብረት እየጨመራችሁ፣ በፈለገው ቦታ የሚቆምበትን ልክ ፈልጉ።

ውሃ መልቀቅ

የመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ወፍጮዋ ስትፈጭ ማየት ይፈልጋል። እህል አታስገቡ። ድንጋዩ ይነሳ፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ይውረድ፣ መዘውሩ ቀስ ብሎ ይዙር። እንጨቱ ይጠጣ። መጀመሪያ ላይ በየስንጥቁ ያፈስሳል፤ «አበላሻችሁት» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ሲያድር ይገጥማል። ካበጠ በኋላ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ እዩ። አንዳንዱ ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ ላላ ይደረግ።

አሸንዳው ከመዘውሩ ጠበብ ይበል። የእኛ አሸንዳ 50፣ መዘውሩ 60 ነው። ግራና ቀኝ የቀረችው 5 ሳንቲም የአየር መውጫ ናት፤ ኪሱ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ካጣ ውሃው ገብቶ አይሞላም፣ ይረጫል። ውሃው የሚያርፈው ከአናቱ ትንሽ አልፎ ነው።

አንዷ ኪስ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምታልፍ ቁጠሩ። 3 ሜትር ለሆነ መዘውር 12 ገደማ ጥሩ ነው። ከ15 ካለፈ ውሃው በኪሱ ሳይረጋ እየተበተነ ነው፤ እህሉን ጨምሩ ወይም ውሃውን ቀንሱ። ከ8 በታች ከሆነ ድንጋዩ ከብዶታል፣ ወይም ሳይወቀር ቆይቷል።

ወፍጮዋ ሥራ ስታቆም መዘውሩን አንድ ቦታ ለሳምንታት አታቁሙት። የታችኛው ግማሽ እርጥብ፣ የላይኛው ግማሽ ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ ያ ሁሉ የተደከመበት ሚዛን ይጠፋል፤ ላይኛውም ይሰነጠቃል። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሰው ሄዶ ውሃ ለቅቆ ያዙረው። ቦዩ ራስ ላይ የብረት ፍርግርግ አድርጉ፤ አንዲት ጡብ የምታህል ድንጋይ ኪስ ሰብራ ትሄዳለች። ሰኔ ሲገባ ጎርፉ ሳይመጣ አሸንዳውን አውርዱና ቦዩን ዝጉት።

ከተረፈው ጥድ አራት አምስት የኪስ ሳንቃ በልኩ ቆርጣችሁ፣ ከፎርማውና ከልጅቱ ደብተር ጋር ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አስቀምጡ። ኮምፔንሳቶውን ምስጥ ይወደዋልና ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።